ፍልፈሉን ያየ ባሌን አየ

አንበሳና ዝሆን የለመደ የሳፋሪ ጎብኚ ባሌ ተራሮች ላይ ምን ያያል? ብዙ ነገር፤ ነገር ግን መንገዱን የሚያሳየው ሰው ከጎኑ ካለ ነው።

ማለዳ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ የጋይሳይ ሜዳ ገና ጤዛውን አላራገፈም። ከአዳባ ወደ ዲንሾ የሚወስደው መንገድ ይህን ሜዳ ሰንጥቆ ያልፋል፤ የጭነት መኪናውም ሚኒባሱም ቀኑን ሙሉ ይመላለስበታል። ከመንገዱ ጥቂት እርምጃ ገባ ብሎ አንድ አስጎብኚ ባይኖኩላሩን ከደረቱ ሳያነሣ፣ በባዶ ዓይኑ ቁጥቋጦውን እየቃኘ ቆሟል። እንግዶቹ ከኋላው ካሜራቸውን አዘጋጅተው ይጠባበቃሉ። አንዳቸውም ያዩት ነገር የለም። እሱ አይቷል። እጅ መወርወር እንስሳ ስለሚያስደነብር ጣቱን አይቀስርም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሁለቱ የኮሶ ዛፎች በስተግራ፣ ከግራጫው ቁጥቋጦ ሥር እንዲመለከቱ ይነግራቸዋል። ያን ጊዜ ከቁጥቋጦው ጋር አንድ የመሰለው ነገር ጆሮውን ያርገበግባል።

ወንድ ደጋ አጋዘን ነው። ቀንዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ቡናማው ገላው ግራጫ ተቀላቅሎበታል፤ አንገቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ይህን እንስሳ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ በልጅነቱ በእጁ ይዞታል፤ የአሥር ሳንቲም ጀርባ ላይ የተቀረጸው እሱ ነውና። በሕይወት ቆሞ ያየው ሰው ግን ጥቂት ነው። የውጭው ዓለም ሳይንስም ያወቀው ዘግይቶ ነው። አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1908 የገደለውን አይቶ፣ ሪቻርድ ላይዴከር የተባለው ተመራማሪ ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት በ1910 ነበር። በአፍሪካ እንዲህ ትልቅ አካል ያለው አጋዘን ሳይመዘገብ እስከዚያ ዘመን መቆየቱ ብዙዎችን አስገርሟል። የባሌ ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ እንስሳው የኖረው ከቤቱ ጓሮ ነው።

በዚሁ ሜዳ ላይ ከርከሮ ተንበርክኮ ይግጣል። ቦሆር ሣር ውስጥ ተኝቶ ጆሮው ብቻ ይታያል። ጋጋኖዎች በቡድን እየጮኹ ከራስ በላይ ያልፋሉ። ጸሐዩ ሞቅ ሲል ደጋ አጋዘኖቹ ወደ ጫካው ጥላ ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ጎብኚ ሜዳውን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።

ሳፋሪ ሲባል

ሳፋሪ ሲባል በአብዛኞቻችን ዓይነ ልቡና የሚመጣው ከቴሌቪዥን ያየነው ነው፤ ጣሪያው የተከፈተ መኪና፣ የሴሬንጌቲ ሜዳ፣ ዛፍ ሥር የተጋደመ አንበሳ። ባሌ ሌላ ዓይነት አገር ነው። መኪና ጎብኚውን ያደርሰዋል፤ ጉብኝቱ ግን በእግርና በፈረስ ነው። ዝሆንና ቀጭኔ የለም። አንበሳ በደቡብ በኩል በሐረና ደን ውስጥ ቢኖርም አየሁ የሚል ጎብኚ ጥቂት ነው። ባሌ ያለው ሀብት ሌላ ቦታ የማይገኘው ነው። እዚህ ካልታየ የትም የማይታይ ፍጡር እንዲህ በአንድ ቦታ መሰብሰቡ በአህጉሩ ላይ ብዙ የሚያጋጥም አይደለም።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይደረስበታል። በ1960ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በኬንያ ይኖር የነበረው ብሪታንያዊው የተፈጥሮ አጥኚ ሌስሊ ብራውን አካባቢውን ዞሮ ካጠና በኋላ፣ ለደጋ አጋዘኑና ለቀይ ቀበሮው ሲባል እንዲጠበቅ ወተወተ። በ1970 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ወሰኑ በደንብ ጸድቆ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ ሕጋዊ ወሰን ሳይኖረው ኖሯል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ይህ ሁሉ በዜና ተነግሯል፤ አንባቢውም በከፊል ያውቀዋል። ያልተነገረው እዚያ የደረሰ ሰው እንዴት እንደሚያይ ነው።

የአስጎብኚው ዓይን

የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ዲንሾ ከተማ ዳር፣ ጽድና ኮሶ በሸፈኑት ኮረብታ ላይ ነው። ጎብኚ የመግቢያውን ከፍሎ አስጎብኚ የሚይዘው እዚሁ ነው። አስጎብኚዎቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ በልጅነታቸው በዚሁ ተራራ ላይ ከብት ጠብቀዋል። ወፎቹን በኦሮምኛ ስማቸው ያወቋቸው ያኔ ነው፤ የእንግሊዝኛውንና የሳይንሱን ስም ከመጽሐፍና ከጎብኚ ጋር ሲውሉ ተማሩት። ዛሬ አንድ ጎበዝ አስጎብኚ በሦስት ቋንቋ ያስረዳል፤ ከኪሱም የተበጣጠሰ የወፎች መጽሐፍ አይጠፋም።

በዋናው መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ የጉጉቱ ጉዳይ አለ። ረጅም የጆሮ ላባ ያለው የሐበሻ ጉጉት ቀን ቀን ዛፍ ላይ ተጠግቶ ይተኛል። ሰው ሲጠጋው ገላውን ቀጥ አድርጎ ያቀጥናል፤ ከተሰበረ ቅርንጫፍ ጋር ምንም ልዩነት የለውም። ከዓለም ዙሪያ የሚመጡ ወፍ ተመልካቾች ይህን ጉጉት ለማየት ይመኛሉ፤ ብቻቸውን ሆነው ግን ከዛፉ ሥር ቆመው እንኳ ላያዩት ይችላሉ። ጉጉቱ ዛፉን ይቀያይራል። በዚህ ሳምንት የትኛው ጽድ ላይ እንዳደረ የሚያውቀው፣ እንግዶቹ ቁርስ ላይ ሳሉ ቀድሞ ሄዶ ያረጋገጠው አስጎብኚ ነው።

ቀሪው ሥራ በጆሮ ነው። ጫካ ውስጥ ወፍ ከመታየቷ በፊት ትሰማለች። ሁለት ወፎች እየተቀባበሉ፣ አንዱ ጀምሮ ሌላው እየጨረሰ የሚዘምሩት ዜማ ከአምጃው ውስጥ ሲወጣ፣ አስጎብኚው እጁን ዝቅ አድርጎ ያስቆማል። ግራጫማው የሐበሻ ድመት-ወፍ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም። ቀጥሎ የእንጨት ቆርቋሪ ድምፅ ይመጣል። ከዚያ ቢጫ ግንባር ያላቸው በቀቀኖች እየተንጫጩ ያልፋሉ፤ እነሱም የኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። ጎብኚው የመጀመሪያውን አይቶ ሳይጨርስ አስጎብኚው ሦስተኛውን ሰምቷል።

> ጎብኚው የመጀመሪያውን አይቶ ሳይጨርስ አስጎብኚው ሦስተኛውን ሰምቷል።

በባሌ ተራሮች ከ300 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ለተራ ጎብኚ ይህ ቁጥር ነው፤ ለወፍ ተመልካች ግን ዕድሜውን የሚያወጣበት ጉዳይ ነው። ዓለም ላይ ካሉት ከአሥር ሺህ የሚበልጡ የወፍ ዝርያዎች ያየውን እየመዘገበ የሚኖር ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የሚመጣው አስታ ቁጥቋጦ ውስጥ የምትሹለከለክ፣ ከጣት ብዙም የማትበልጥ ግራጫ ቡናማ ወፍ ለማየት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ አጥኚዎች ራሷን የቻለች ዝርያ ናት የሚሏት፣ ከባሌ አካባቢ ውጭ የማትገኝ ወፍ አለች። ለእሷ ሲል አንድ ሙሉ ጠዋት ብርድ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሽማግሌ ጎብኚ ሲታይ፣ የከተማ ሰው መጀመሪያ ግራ ይጋባል። ጥቂት አብሮት ከቆመ በኋላ ግን ነገሩ ይገባዋል፤ አንድ ነገር በዓለም ላይ እዚህ ብቻ መኖሩ ብርድ ያስረሳል።

በዚህ ሥራ ውስጥ አስጎብኚዎች የማይስማሙበት አንድ ነገር አለ። የወፍ ድምፅ ተቀድቶ በስልክ ይገኛል። ስልኩን ከፍቶ ድምፁን ማሰማት ወፏን ከተደበቀችበት ያወጣታል፤ ተቀናቃኝ ወደ ግዛቷ የገባ ስለሚመስላት ለመከላከል ትወጣለች። ጎብኚው ፎቶውን ያነሣል፤ ደስ ይለዋል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ግን ወፏ እንቁላል ላይ መቀመጫዋንና ጫጩት መመገቢያዋን ጊዜ በከንቱ ታባክናለች። ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢሆን አይጎዳም የሚሉ አስጎብኚዎች አሉ። በተለይ በመራቢያ ወቅት ጨርሶ እምቢ የሚሉም አሉ፤ ጎብኚው ቢያኮርፍም፣ ጉርሻ ቢቀርም። እኔ ከእምቢተኞቹ ጋር ነኝ። ወፏ ባሌን ብትለቅ የምትሄድበት ሌላ ቦታ የላትም።

ሳነቴ ላይ ቁልቁል ማየት

ከጎባ ከተማ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ በአፍሪካ እጅግ ከፍ ብለው ከተሠሩት መንገዶች አንዱ ነው። በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ አየሩም ዕፅዋቱም ይለዋወጣል። መጀመሪያ ጽድና ኮሶ፣ ቀጥሎ ቢጫ አበባ ያለው አምጃ፣ ከዚያ አስታ፣ በመጨረሻ ዛፍ የሚባል የለም። የሳነቴ ሜዳ ሲገለጥ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጅብራ ብቻውን ቆሟል፤ ሌላው ሁሉ ከመሬት የተጣበቀ ግራጫ ቁጥቋጦ፣ ድንጋይና ትናንሽ ኩሬ ነው። ከሜዳው መካከል 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይታያል። ሌሊት ውሃ ይረጋል፤ ቀን ጸሐዩ ያቃጥላል። ከታች በፍጥነት የመጣ ሰው ጥቂት እርምጃ ሮጦ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ለዚህም አስጎብኚዎች ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ውሃ ጠጡ እያሉ ይመክራሉ።

እዚህ የደረሰ ጎብኚ ወዲያው አሻግሮ ያያል። ቀይ ቀበሮ ፍለጋ አድማሱን ይቃኛል። ጎበዝ አስጎብኚ ግን ቁልቁል ነው የሚያየው፤ መሬቱን። በየቦታው የተቆፈረ አዲስ አፈር አለ፤ ገና ያልደረቀ፣ ጥቁር። ከአፈሩ ጎን አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ ድንጋይ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። አስጎብኚው ይህን ሲያይ እንግዶቹን ያስቀምጣቸዋል። ዝም በሉ ይላል። ደቂቃዎች ያልፋሉ። ከዚያ አፈሩ ይነቃነቅና አንድ ትልቅ ጭንቅላት ብቅ ይላል፤ ዓይኖቹ ከራሱ አናት ላይ ናቸው፤ ጥርሱ ከአፉ ውጭ ነው። ዙሪያውን አይቶ ሣሩን በፍጥነት ይነጭና ወደ ጉድጓዱ ይጎትታል።

ግዙፉ ፍልፈል ይህ ነው። ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፤ በዓለም ላይ ያለው በባሌ ተራሮች ብቻ ነው። አብዛኛውን ቀን ከመሬት በታች ያሳልፋል፤ ለመብላት ሲወጣም ከጉድጓዱ አፍ ብዙም አይርቅም። ዓይኖቹ አናቱ ላይ መሆናቸው ገና ሳይወጣ ሰማዩን ለማየት ይረዳዋል፤ ጠላቱ ከላይም አለና። ትንሿ ወፍ አብራው የምትቆመው ፍልፈሉ አፈር ሲያገላብጥ የሚወጡትን ነፍሳት ለመልቀም ነው። ለፍልፈሉም ዘብ ትሆንለታለች፣ አደጋ አይታ ስትጮህ እሱ ይገባል የሚሉ እረኞች አሉ።

የሳነቴ ሕይወት የተንጠለጠለው በዚህ ፍጡር ላይ ነው። ፍልፈሉ አፈሩን እያገላበጠ ያለሰልሳል፤ ሣሩ የሚበቅልበትን ቦታ ይቀያይራል። ቀይ ቀበሮው እሱን ይበላል። ንስሩና ጭልፊቱም በዓይጥና በፍልፈል ይኖራሉ። በክረምታቸው ከአውሮፓና ከእስያ ሸሽተው የሚመጡ ንስሮች፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ሳነቴ ላይ ሲያንዣብቡ ይታያሉ። ወርቃማው ንስርም እዚህ ይራባል፤ ከሰሃራ በታች የሚራባበት የታወቀ ቦታ ባሌ ነው፤ ይህም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው።

ሰውም በፍልፈል ኖሯል። ፊንጫ ሐበራ ከሚባል ዋሻ ውስጥ የተቆፈረው ቅሪት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነው ጥናት መሠረት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች በዚህ ከፍታ ላይ ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። የዋሻው አፍ ከ3,400 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ዘመን የተራራው አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። ሰዎቹ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ መስተዋት ድንጋይ መሣሪያ እየሠሩ፣ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። በሰው ልጅ ታሪክ እንዲህ ከፍ ባለ ቦታ ስለ መኖር ከተገኙት ማስረጃዎች ሁሉ ጥንታዊው ነው የሚባለው ይህ ነው። ለጎብኚው ፍልፈሉን እያሳየ ይህን የሚነግር አስጎብኚ ያጋጠመው ሰው ዕድለኛ ነው።

> ጎብኚው አድማሱን ሲቃኝ፣ ጎበዝ አስጎብኚ መሬቱን ያያል።

ቀዩ አዳኝ

ቀይ ቀበሮ ሲመጣ ደግሞ አስጎብኚው የሚናገረው ነገር አይኖረውም፤ ራሱ ይታያል። ቀይ ገላ፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ረጅም ቀጭን እግር። ፍልፈሉና ዓይጡ ቀን ስለሚወጡ እሱም የሚያድነው በቀን ነው፤ ለጎብኚ ትልቅ ዕድል ነው። እየተራመደ ድንገት ቀጥ ይላል፤ ጆሮውን ወደ መሬት ያዘነብላል፤ ሆዱን አስጠግቶ ይሳባል። ጉድጓድ አፍ ላይ ብዙ ደቂቃ ሳይነቃነቅ ሊጠብቅ ይችላል። አንዳንዴ ከብት መንጋ መካከል ገብቶ ከከብቶቹ ጋር እየተራመደ ያድናል፤ ፍልፈሉ ላም መጣ ብሎ ሲዘናጋ ቀበሮው ደርሷል። ይህን እረኞች ከተመራማሪዎች አስቀድመው ያውቁ ነበር።

ብቻውን ያድናል፤ ኑሮው ግን በቤተሰብ ነው። በአንድ ቡድን ውስጥ የምትወልደው ዋናዋ እናት ናት፤ የቀሩት እህቶችና ወንድሞች ግልገሎቹን ይጠብቃሉ፤ የበሉትንም ከሆዳቸው አውጥተው ይመግቧቸዋል። ማታ ሲገናኙ ሰላምታቸው ሞቅ ያለ ነው፤ እየተሻሹና እየተላላሱ ይዞራሉ። ከዚያ ግዛታቸውን ለመጠበቅ አብረው ይወጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ አንድ አዲስ ነገር አሳይቷል። ጫፉ ቀይ ግርጌው ቢጫ የሆነ፣ ባሌ ላይ በብዛት የሚበቅል ረጅም አበባ አለ። ቀይ ቀበሮዎች የዚህን አበባ ማር እየዞሩ ይልሳሉ። አፍንጫቸው ላይ የአበባው ብናኝ ስለሚቀር፣ እንደ ንብ አበባ ያዳቅሉ ይሆናል ተብሏል። እንዲህ ያለ ጠባይ በትልቅ ሥጋ በል አዳኝ ላይ ሲመዘገብ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከጥናቱ መሪዎች አንዱ አበባው ጣፋጭ መሆኑን መጀመሪያ ያወቀው የእረኛ ልጆች ሲልሱት አይቶ ነው።

የዚህ እንስሳ ጠቅላላ ቁጥር ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 በታች ነው። ከግማሽ የሚበልጠው ባሌ ላይ ነው። የቀሩት በወሎ፣ በመንዝ ጓሣ፣ በሰሜን ተራሮችና በአርሲ ትናንሽ ቡድኖች ሆነው ተበታትነዋል። በዓለም ላይ ከውሻ ወገን ካሉት ሁሉ እንደ እሱ ያነሰ ቁጥር ያለው ጥቂት ነው።

በኩሬዎቹ ዳር ያለው ሌላ ትርኢት ነው። ሰማያዊ ክንፍ ያላት ዝይ በጥንድ ትቀመጣለች፤ የኢትዮጵያ ብቻ ናት። ደረቷ ላይ ነጠብጣብ ያላት የውሃ ዳር ወፍም እንዲሁ። ከአገጩ ሥር ነጭ ሥጋ የሚንጠለጠልበት፣ ቁመቱ ከሕፃን የሚበልጥ ክሬን የተባለ ወፍ በዝናብ ወራት እዚህ መጥቶ ይራባል፤ የዚህ ወፍ ዋና መኖሪያ ደቡባዊ አፍሪካ ነው። ብርቱካንማው ዳክዬና ቀይ መንቁር ያለው ቁራ ደግሞ ዘመዶቻቸው ከሰሃራ ማዶ ነው የሚኖሩት፤ አየሩ ቀዝቃዛ በነበረበት ዘመን ወደዚህ ደርሰው የቀሩ ናቸው። አጥንት ከሰማይ ወደ ዓለት ለቅቆ ሰባብሮ የሚበላው ባለጢሙ ጥንብ አንሳም አልፎ አልፎ ያንዣብባል።

ያልተከተበ አንድ ውሻ

ይህ ሁሉ በአንድ ውሻ ሊጠፋ ይችላል። ማጋነን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በተደጋጋሚ ታይቷል። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋል። ማታ ማታ መላላሱና መሻሻቱ፣ ያ ሞቅ ያለ ሰላምታ፣ በሽታውን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በቀናት ያዳርሰዋል። ከዚያ ወደ ጎረቤት ቡድን ይሻገራል። ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሾች በሽታም እንዲሁ ጎድቷቸዋል። አስጎብኚዎች በስም የሚያውቋቸውን ሙሉ ቤተሰብ በአንድ ወቅት ያጡበት ጊዜ ነበር።

እዚህ ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነው። እረኛው ውሻውን ለምን ይዞ ይወጣል? ግን እረኛው መልስ አለው። ሌሊት ጅብ ይመጣል፤ ነብርም አለ። ውሻ ካልጮኸ ጥጃውን ሲነጋ አያገኘውም። ተራራው ላይ መውጣቱም ከፓርኩ የሚቀድም ልማድ ነው። ጎዳንቱ በሚባለው ሥርዓት የባሌ አርብቶ አደር ከብቱን በወቅት በወቅት ወደ ደጋው ሆራ (ማዕድን ያለው ምንጭ) እያወጣ ያጠጣና ተመልሶ ይወርዳል። ችግሩ የመጣው መውጣትና መውረዱ እየቀረ፣ በፓርኩ ውስጥ ቋሚ ቤት እየበዛ ሲሄድ ነው። ሣሩ አያርፍም። የከብት ኮቴ የፍልፈሉን ለስላሳ አፈር ይጠቀጥቃል። አዲስ ሣር እንዲወጣ ተብሎ አስታው ይቃጠላል። ከቤቱ ጋር ውሻውም ይጨምራል።

ተመራማሪዎችና የፓርኩ ሠራተኞች በመንደሮቹ እየዞሩ ውሾችን ይከትባሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 በወይብ ሸለቆ በሽታው ሲነሣ፣ በዙሪያው ያሉትን ቀይ ቀበሮዎች እየያዙ በመከተብ እንዳይዛመት ማቆም ተችሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ በአፍ የሚወሰድ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይሰጣቸዋል። ቀበሮው ሥጋውን ሲነክስ ክትባቱን ይወስዳል።

ውሻውን በነፃ ለማስከተብ እምቢ የሚል ገበሬ ብዙ አያጋጥምም ይላሉ ይህን ሥራ የሚሠሩት፤ የእብድ ውሻ በሽታ የልጁም የከብቱም ገዳይ ነውና። የባሌ ጥበቃ የሚያዋጣው በዚህ በኩል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰውንም እንስሳውንም በአንድ የሚጠብቅ ሥራ ላይ። እረኛውን እንደ ጠላት ያየ አካሄድ እስካሁን ያመጣው ውጤት የለም።

> የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮውንም፣ የገበሬውን ልጅና ከብትም ይገድላል።

የውሃውም ጉዳይ አለ። ወይብ፣ ወልመል፣ ዱማልና ሌሎች ወንዞች ከእነዚህ ተራሮች ይነሣሉ። የሶፍ ኡመርን ዋሻ ሰንጥቆ የሚያልፈው ወይብ ነው። የባሌ ደጋ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ መጥጦ በበጋ ቀስ እያለ ባይለቅ፣ በኢትዮጵያ ቆላና በሶማሊያ የሚኖሩ ሚሊዮኖች ይጠማሉ።

ከአስታው ሥር ያለው ደን

ሳነቴን አልፎ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ በድንገት ይታጠፋል፤ ከእግር በታች ደመና አለ። ከደመናው ሥር ሐረና። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከድንጋይ ወደ ጥቅጥቅ ደን ይወረዳል። ሪራ ከሚባለው መንደር በታች ቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ ይኖራል፤ ምግቡ በአብዛኛው የቀርከሃ ቅጠል ነው። ጉሬዛ ቅርንጫፍ ላይ ይዘላል። ዛፎቹ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ የንብ ቀፎ ይታያል። ዝቅ ሲል ማንም ያልተከለው ቡና በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። ወፍ ፍለጋ ላይ ያለ ሰው ሐረናን በአንድ ቀን አይጨርሰውም፤ ደኑ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

የሚመጣው ማን ነው?

ባሌ ላይ ሦስት ዓይነት ጎብኚ ይታያል። የመጀመሪያው ዝርዝር ይዞ የሚመጣው የውጭ ወፍ ተመልካች ነው። ብዙ ቀን ይቆያል፤ አስጎብኚ፣ ፈረስና ምግብ አብሳይ ይቀጥራል፤ የሚከፍለውም ለአካባቢው ይደርሳል። አስጎብኚዎችና ባለ ፈረሶች ሥራውን በተራ ስለሚካፈሉ፣ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ገቢው ወደ ብዙ ቤት ይገባል። ሁለተኛው ፎቶ አንሺ ነው፤ ቀይ ቀበሮን ብቻ ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ይሄዳል።

ሦስተኛው እኛ ነን። ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማና ከሐዋሳ በቡድን የሚመጣው የአገር ውስጥ ጎብኚ በቅርብ ዓመታት እየበዛ ነው። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ አገሩን የማያይ ሰው አገሩን አይጠብቅም። ብዙዎቻችን ግን ሳነቴን በመኪና አቋርጠን፣ ምልክቱ ሥር ፎቶ ተነሥተን፣ በዚያው ቀን እንመለሳለን። አስጎብኚ አንይዝም፤ ይህ የኛው አገር ነው፣ ምን ያስፈልጋል እንላለን። ስለዚህ ደጋ አጋዘኑን በአሥር ሳንቲም ላይ እንዳየነው እንቀራለን። አንዳንድ ሾፌሮች በሜዳው ላይ በፍጥነት ያልፋሉ፤ በመኪና ተገጭቶ የሞተ ቀይ ቀበሮም ተገኝቷል። ቁጥራቸው በመቶዎች በሚቆጠር ፍጡር ላይ አንድ ሞት ትልቅ ነው። ዳቦና ብስኩት የሚወረውርም አለ፤ ቀበሮው መንገድ ዳር መጠበቅ ይለምዳል፤ ቀጣዩ መኪና ይገጨዋል።

ስለዚህ ወደ ባሌ የምትሄዱ ሁሉ፦ ዲንሾ ላይ ውረዱና አስጎብኚ ያዙ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ፤ አንዱን ጠዋት ለጋይሳይ፣ አንዱን ለሳነቴ ስጡ። ወፍራም ልብስ ያዙ፤ ባይኖኩላር ከሌላችሁ ተዋሱ። ሳነቴ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ሙዚቃውን ዝጉ፤ ምግብ አትጣሉ። ውሻ ይዛችሁ አትምጡ። ለወፎች ዋናው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው፤ የቀይ ቀበሮ ግልገሎችም ከጉድጓድ የሚወጡት በዚሁ የበጋ ወራት ነው። አስጎብኚው ተቀመጡ ሲላችሁ ተቀመጡ፤ ፍልፈሉ ይወጣል።